የጀልባው ደረሰኝ

የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ የማህተሙን ቀለም ወደ ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ገፋ አደረገ። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰው እምቢ ብሎታል። "ቻቻ፣ አጎቴ፣ አውራ ጣትዎን እዚች ጋ ብቻ ያሳርፉልኝ። በጎርፉ ጊዜ ሰው ያመላለስኩበትን የጀልባ ኪራይ ተቀብያለሁ ነው ደረሰኙ የሚለው።"

"አልተቀበልኩማ!"

"እሱማ ነው ችግሩ! መንግሥት የሚተካው ምክር ቤቱ ያወጣውን ገንዘብ ነው። እናንተ ደግሞ በነጻ ስትረዳዱ ከርማችሁ አምስት ታካ እንኳ አላስወጣችሁንም። ደረሰኝ የሌለው ጎርፍ በበላይ መሥሪያ ቤት ዘንድ ጎርፍ አይባልም። ግድቡን በምን እንጠግን?"

ሽማግሌው የግድቡ ነገር ሲነሳ ተሸነፉ። ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉና ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ አቆሙት። "ከጣሪያ ላይ ያወረድኳት እናትህስ አለችበት?"

"አንደኛ ተሳፋሪ ናት። ሃምሳ ታካ።"

"እሷ ዘጠኝ ቀን ሩዝ አብልታኛለች። የሷንስ ማን ይከፍላል?"

የጸሐፊው የደከመ ፊት በራ። "ምግብም ይተካል!" አለና አዲስ ደረሰኝ ገለጠ።

ሽማግሌው ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሱ። "እንግዲያው ሂድና መጀመሪያ እሷን አስፈርም። ከፈረመች እኔም እፈርማለሁ።"

ጸሐፊው እናቱን ያውቃታል። የቀለሙን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ።