የአንኮበሩ ልቅሶ

ደብረ ብርሃን ውስጥ «በሰለች ስታለቅስልኝ ባየሁ» ብሎ መሞት ያማረው ሽማግሌ ነበረ ይባላል። ውሸትም ቢሆን እውነት ይመስላል። በሰለች ሙሾ አውርዳ ብቻ የምትቀመጥ አልቃሽ አልነበረችም። የሟቹን ኩታ ደርባ፣ አረማመዱን ይዛ፣ በራሱ ድምፅ «ደህና ሰንብቱ» ስትል ባልቴቶች «መጣ!» እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር።

ሙያው የዘር ነው። አያቷ በማሲንቆው ስንቱን መኳንንት አስቆና አስለቅሶ አልፏል። እናቷ አልቃሽ፣ ወንድሟ አዝማሪ፣ አክስቶቿም እንዲሁ። አንድ ልጇ ብቻ «የአዝማሪ ልጅ መባል ሰለቸኝ» ብሎ ማሲንቆውን ሰቅሎ፣ ወደ ሐረር ከዘመተው ጦር ጋር ሄዷል፤ የማን ጭፍራ እንደሆነ እንኳ አልነገራትም። እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ምን ታድርግ?

ከሦስት ዓመት በፊት ግን ክፉ ነገር ገጠማት። ሰላ ድንጋይ በምትባል አገር አንዲት ሙሽራ ሞታ «ምች መትቷት ነው» አሏት። እሷም አምና፣ ባልየውን እያመሰገነች አለቀሰች። በሳምንቱ አንቆ የገደላት እሱው መሆኑ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ሙሽራይቱ ከበሰለች አልተለየችም። ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ ትቆማለች። እንጨት ስትለቅም ከዛፉ ሥር ትቆማለች። አትናገርም፤ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ታያታለች፣ በቃ። በሰለች ከሳች፣ ጠቆረች። በመጨረሻ የሟቹን ስምና አሟሟት ሳላውቅ አፌን አልከፍትም ብላ ማለች። ሁለተኛ በሐሰት ባለቅስ አብዳለሁ ትል ነበር፤ ጎረቤቶቿም አልተጠራጠሩም።

በግንቦት አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች በቅሎ ስበው ደጇ መጡ። አንዱ ገብረአማኑኤል የሚባል፣ የአንኮበሩ ባላምባራስ ኃይለ ገብርኤል አሽከር ነው። ሁለተኛዋ የዚያው ቤት ወጥ ሠሪ፣ አልታየች ናት።

«የጌታችን ወንድም ዐርፈዋል። ይምጡልን ብለዋል» አላት ገብረአማኑኤል።

በሰለች ግራ ገባት። አዝማሪን አንቱ የሚል የጌታ አሽከር አይታ አታውቅም፤ በቅሎ የሚልክላትማ ከየት ተገኝቶ።

«በምን ሞቱ?»

«ከገደል ወድቀው።»

«ስማቸውስ?»

«እዚያ ይነግሩዎታል።»

እዚያ ካልነገሩኝ እመለሳለሁ ብላ ተነሣች። መንገድ ላይ አልታየች በየምንጩ ዳር እያስቆመች ዳቦ ትቆርስላት ጀመር።

«ብዪ እንጂ እህቴ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

«ሰውየው ምን ሆነው ነው የሞቱት?»

«ንዳድ ነው አሉ» አለች አልታየች። ገብረአማኑኤል ዞሮ አፈጠጠባት።

አንዱ ገደል፣ አንዷ ንዳድ። በሰለች ወደ ኋላዋ ዘወር ስትል ሙሽራይቱ ከበቅሎው ኋላ ትከተላለች። ዛሬ ደግሞ ብቻዋን አልነበረችም። ከጎኗ አንድ ወንድ ይራመዳል፤ የአንኮበር ጉም ውጦት ፊቱ አይለይም።

ሥራ ሥራ ነውና፣ «አረማመዳቸው እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አልታየች መሬት መሬት እያየች፣ «ፈጠን ይላል። ቀኝ ትከሻውን ቀደም ያደርጋል። ወሬውን ሳይጨርስ ይስቃል» አለቻት።

በሰለች ከበቅሎዋ ወርዳ ሞከረችው። ሌላውን ሟች ለመያዝ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር፤ ይኸኛው በሦስት እርምጃ ገባላት። እንዲህ ቀሎላት አያውቅም፤ ፈራች። አልታየች የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ይዛ ስታለቅስ፣ ገብረአማኑኤል ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

«ቢበደል ነው እንዲህ የሚጣበቅብኝ» አለች በሰለች በሆዷ። «ገድለውታል።»

አንኮበር የደረሱት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የባላምባራስ ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ዋይታ ግን የለም። የሟቹ ልብስ መሐል ላይ ተዘርግቶ በጥቁር ባና ተሸፍኗል። በሰለች ስትገባ ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት፤ ከተቀመጠችም በኋላ አልለቀቋትም። አፌን እንዳልከፍት ሊጠብቁኝ ነው ብላ አሰበች።

ባላምባራስ ወንበራቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሽበታም፣ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ግን ቀና ብለው ሊያይዋት አልደፈሩም። የወንድም ደም ያለበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አለች።

«ልብሱን ግለጡልኝ፣ ልደርበው።»

«ትንሽ ቆዪ» አሉ ባላምባራስ።

«እንግዲያውስ አሟሟቱን ይንገሩኝ።»

አንዲት ሴት ከኋላ ልታለቅስ ስትል ሌሎቹ አፏን ያዟት። በሰለች ወደ በሩ አየች። ሙሽራይቱ እዚያ ቆማለች። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን ከአንገቷ አንሥታ ፊቷን ሸፍናለች።

በሰለች ከዚህ በላይ አልቻለችም። ክንዷን መንጭቃ ተነሣች። ድምፅዋ ያው የዘር ድምፅ ነው፣ ግቢውን ሞላው።

«ጌታዬ፣ ከፈለጉ ያስገርፉኝ። አንዱ ከገደል ወደቀ ይለኛል፣ አንዷ ንዳድ ነው ትለኛለች። እዚህ ቤት የተደበቀ ነውር አለ። ሟቹ ራሱ ከመንገድ ጀምሮ ሲከተለኝ ነው የመጣው። በሐሰት አላለቅስም፤ ስሙን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይንገሩኝ።»

ባላምባራስ ከወንበራቸው ወርደው ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ስሙንማ ያወጣሽለት አንቺ ነሽ» አሏት።