በእጆቼ ያለው ትምህርት

ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ሰው፣ የቀድሞው ያስተማረው ሁሉ ከጭንቅላቱ ይፋቅበታል። እንደገና ቢማረው እንኳ አይገባውም። ደንቡን ያወጣው ሰው ወንድም የለውም መሰለኝ።

«አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ማንንም ይቀበላሉ፤ ክፍያውም በአቅማችን ነው» አለች እማዬ ሽሮውን እያማሰለች። «አሁን ያለሽበት ከቀጠልሽ ግን ቤቱን መሸጣችን ነው። ተዛወሪና እንረፍ!»

«እዚያ የተማርኩት የምልክት ቋንቋስ? ከኪሩቤል ጋር ማን ሊያወራ ነው?»

እማዬ ጭልፋውን አስቀመጠች። መስማት የተሳነው ወንድሜ ኪሩቤል ትከሻዬን ነካ አደረገና በእጆቹ «ምን እያለች ነው?» አለኝ።

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል እያለች ነው» አልኩት እኔም በእጆቼ።

በጭልፋው ጫፍ ቀመሰ። «አልበዛም። ይጣፍጣል በይልኝ።»

ነገርኳት። እማዬ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ፊቷን አዞረች።

«አሁንስ ምን አለች?» አለኝ።