የማያፍረው አምባር

አዲሱ ሕግ እጅግ ሩኅሩኅ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ሰው ሁሉ የሚናገር አምባር በነጻ ይታሰርለታል። መድኃኒት ያስተኛው ቫይረስ ነቅቶ ፕሮቲን ማምረት ሲጀምር አምባሩ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ባለቤቱ እንዳይዘናጋ ተብሎ ድምፁን መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ የሺእመቤት በአዳማ ሙቀት አምባሯን በወፍራም የሱፍ ካልሲ ሸፍና ትውላለች።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ልጇን ጽጌማርያምን ለጎረቤት ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ትልቁ፣ አቶ ወልደየስ፣ ገና ንግግር ሲጀምሩ ከካልሲው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ክብርት ወይዘሮ የሺእመቤት፣ የኤችአይቪ ፕሮቲን ታይቷል። የመከላከያ ሕዋሳትዎ ለዓመታት ሲዋጉ ኖረው ደክመዋል። መልካም ሰንበት!»

አንደኛው ሽማግሌ ኮፍያቸውን መፈለግ ጀመሩ። የሺእመቤት ፊቷ በእፍረት ጋለ። ሃያ ዓመት የደበቀችው ነገር ነበር። ቢሆንም ካልሲውን አውልቃ ጣለችው።

«የኔን ሰማችሁ» አለች። «የልጃችሁስ?»

«ልጃችንማ ፍጹም ጤነኛ ነው!» አሉ አቶ ወልደየስ።

«ጤናውን መች ጠየቅሁ? ጠባዩን ነው። ለሱ የሚናገር አምባር አልተሠራም?»

አቶ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ቁጡ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲቆጣም እጁ ይፈጥናል።»

«አይሆንም» የሚለውን መልስ የሰጠችው ከጓዳ የወጣችው ጽጌማርያም ራሷ ነበረች።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ጋብቻው የቀረው በእናትየው በሽታ ምክንያት ነው አለ። ስለ ልጁ ፈጣን እጅ ያወራ ሰው አልነበረም።