የኑሀ ሲሞኖፍ

እንድሪስ የሟች ጓደኛውን የኑሀን ሲሞኖፍ ጠመንጃ ኢላማ ሊተኩስበት ከሟቹ ሚስት ከዘሊካ ገዛ። «ውስጡ ዝጓል» ብሎ ስለዋሻት በርካሽ ሰጠችው። ኑሀ በየጁምዓው ከሶላት መልስ ይወለውለው ስለነበር ጠመንጃው ዝገት አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት እንድሪስ ሮቢት ወንዝ ዳር ኢላማ ሲተኩስ ዋለና ጠመንጃውን ሳይወለውል ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ሲከፍተው ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ አገኘው። ቁልፉ ከኪሱ አልወጣም። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ።

ያን ቀን እፍረቱ አላስቀምጥ አለውና ዋጃ ከተማ ወዳለው የዘሊካ ቤት ሄዶ አንገቱን ደፋ።

«ዋሽቼሻለሁ፤ አልዛገም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ከምትነፋው ጤፍ ቀና ሳትል። «ይልቅ ወልውሎ ሲጨርስ እጁን አንተው ቤት ታጥቦ ይምጣ በለው። የቤቴን በር አቆሸሸብኝ።»

እንድሪስ ዞሮ በሩን አየ። እላዩ ላይ የታተመው የጣት ዘይት ገና አልደረቀም።