የጋሽ አንዳርጌ ቀለሃ

ሚሊሻው በሩን በርግዶ ሲገባ ጋሽ አንዳርጌን እጅ ከፍንጅ ያዛቸው። አጠገባቸው አንድ ቁና የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ ተከምሯል፤ እሳቸው ደግሞ ቀለሃ የሚያቃኑበትን ቅርጽ ማውጫ ብረት በዘይት ጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጥይት እየሞሉ ለሽፍታ ይሸጣሉ የተባለው እውነት ነው ለካ! ይነሱ!»

«ቆይ እስኪ ልጨርስ። ቅንጣት አሸዋ ከቀረበት ቀለሃውን ይጭረዋል።»

«ቢጭረውስ? ያው መግደሉ አይቀር!» አለ ሚሊሻው፣ ጣቱን ከቃታው ሳያነሳ።

ጋሽ አንዳርጌ ሳቃቸው መጣ። ከቁናው ጎን ተወልውለው ከተደረደሩት አንዱን ቀለሃ አንስተው ክዳኑን ሲነቅሉት ጫፉ የጠቆረ ቀጭን እንጨት ተከትሎ ወጣ።

«ላንተማ ቀላል ነው። ባለፈው ኩል መያዣውን ‹ጭረት አለው› ብላ ፊቴ ላይ የወረወረችው ግን ያንተው ሚስት ናት።»