የደብዳቤው ዘር

የኢሜይል ላኪን የሚያጣራ የፓይተን ፕሮግራም ጽፋ ጨርሳ ልታስነሳው ስትል፣ ከጎኗ የተቀመጡት አማቷ ቀኝ እጇን ያዙ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ኮሌጅ በመምህርነት እንደተቀበላት የሚገልጽ ኢሜይል ጠዋት ደርሷት ነበር፤ ሐሰተኛ የሥራ ደብዳቤ ግን ከዚህ ከሞጣ ስንቱን ሻንጣ አስሸክሞ ወስዶ ባዶውን መልሷል።

"ቆይ፣ ልጄ። ምኑን ነው የምትጠይቂው?"

"ዘሩን ነው፣ እማማ። ከማን ቤት እንደወጣ።"

ዘር መቁጠር አማቷ የሚያውቁት ሥራ ነበር። ያኔ ለልጃቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያጯት ቢቸና ድረስ ሄደው እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እጇን ሳይለቁ "በይ ቁጠሪልኝ" አሏት። በግራ እጇ ቁልፉን ተጫነች። የኮሌጁ የኢንተርኔት አድራሻ በእርግጥ የተመዘገበ ነበር፤ አማቷ አውራ ጣቷን አጠፉ። ደብዳቤ የሚያስተላልፍለት ሜይል ሰርቨር ተገኘ፤ "ይቺን ሌባ ጣትማ ቶሎ እንጠፋት" ብለው ሳቁ። የሰርቨሩ አይፒ ቁጥር፣ እንደ ቤት ቁጥር ያለው መለያው፣ ወጣ፤ የመሃል ጣቷም ታጠፈ። የቀረው ኢሜይሉ የተነሳበት ቁጥር ነበር። አማቷ ቀለበት ያለባትን ጣት ይዘው ጠበቁ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ላኪው አጭበርባሪ ነው፤ ከገጠሙ ግን እሳቸውን ብቻቸውን ትታ መሄዷ ነው።

ገጠሙ። አማቷ ጣቷን ቀስ ብለው አጠፉና በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"አስቆጥሬ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ" አሉ። "አስቆጥሬም እሸኝሻለሁ።"

"እንግዲያው እጄን ይልቀቁኝ፣ መልስ ልጻፍላቸው" አለች እየሳቀች።

"እሽ ለማለት አንድ እጅ ይበቃሻል።"