ራጅ ወይስ ድምፅ

«ራጁ ይሻላል» እላታለሁ ደግሜ።

መቅዲ ከሳሙና ፋብሪካው የእንፋሎት ጋን ሥር ተንበርክካ ብየዳውን በጨርቅ ትወለውላለች። «ጋሽ ደመላሽ፣ ብረቱ እኮ ወፍራም ነው። ስንጥቁ ጋደም ብሎ ከተኛ ራጅ ያልፈዋል። ድምፅ ብንልክበት ግን ያገኘዋል።»

እውነቷን ነው። እኔ ራጁን የወደድኩት ፊልም ስለሚተው ነው። ወደ መስኮት አንሥቼ የአባቷን የእጅ ሥራ ባየው ብዬ።

ይህን ጋን ከአባቷ ከኃይለ ሚካኤል ጋር ነው የበየድነው፤ እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ። እሱ አፈር ለበሰ። የሠራቸው በሮች መንገዱ ሲሰፋ ተነቃቀሉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቀረችው የእጁ ሥራ ይቺው ናት። ዛሬ ልጁ ብልሽት ካገኘች ደግሞ ይቺም ተፍቃ ትወጣለች።

«አባትሽ በመዶሻ ጫፍ መታ አድርጎ ጆሮውን ይጥል ነበር፤ ልክ እንደ ድንጋይ ደወል። የተሰነጠቀ አይዘምርም ይላል።»

«እኔስ የምሠራው እሱኑ አይደል? ጆሮዬ በሽቦ መጣ እንጂ።»

ብረቱን ሆስፒታል የእርጉዝ ሆድ የሚቀባውን የመሰለ ዝልግልግ ቅባት ትቀባዋለች።

«ወንድ ነው ሴት?» እላታለሁ።

«ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! ላዳምጥበት።»

መሣሪያዋን በብየዳው ጠርዝ ታስኬዳለች። በስክሪኑ ላይ መስመሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የእኔን ወገን ጨርሳ ወደ ላይ ስትወጣ ግን እንደ እሾኽ ያለ ነገር ብቅ ይላል። ትመለሳለች፤ ያው ነው። ሳቋ ጠፋ።

«ውስጥ ከብየዳው የተረፈ ቅርፊት አለ። ብየዳውን አቋርጦ፣ ሳይጠርግ ነው የቀጠለው። አባዬ እንዲህ አያደርግም!»

ዳር እስከ ዳር ትለካዋለች።

«ትንሽ ናት» ትላለች በመጨረሻ። «ከተፈቀደው ልክ አላለፈችም። አትነካም። ግን ምን አገኘው?»

ቦታውን አየሁት። እንዴት ይጠፋኛል?

«ያን ቀን አያትሽ ዘሪቱ ከአጥሩ ውጭ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ለወንድ ሰባት ነውና እኔ አራተኛውን ስጠብቅ አባትሽ ኤሌክትሮዱን ጥሎ ሮጧል። ሲመለስም ሳቁ አላስበይድ አለው።»

መሣሪያዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ቅድም ጠይቄሽ አልነበር? ሴት ናት።»

ቅባት የነካ መዳፏን እብረቱ ላይ አሳርፋ ትቀራለች።